ብዕር ወገን ሲይዝ

የጦር ሜዳ ጋዜጠኛ ተመልካች ነውን ወይስ ተሰላፊ? ያየውን እንዲናገር የተላከ ሰው፣ ያየው ግፍ ኅሊናውን አቁስሎት ወገን ቢይዝ፣ ምስክርነቱ ይጸናልን ወይስ ይፈርሳል? ይህ ጥያቄ በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ተወስኖ የሚቀር አይደለም። ታሪክ የሚያስተምረው መምህር፣ ሕዝብ የሚያነቃው ካድሬ፣ የዘመኑን መከራ በሥዕልና በቃል የሚገልጸው የኪነ ጥበብ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይገጥመዋል።

ለጣና ዳርቻ ጥያቄው እንግዳ አይደለም። የሐይቁ ደሴቶች ገዳማት የብራና መጻሕፍትን ለዘመናት ጠብቀው አቆይተዋል። የጥንቱ ዜና መዋዕል ጸሐፊ የነገሥታቱን ውሎና ዘመቻ ሲመዘግብ ከንጉሡ ወገን ሆኖ ነበር፤ ይህንንም አልሸሸገም። ስለዚህ የዛሬው አንባቢ ውዳሴውን ከድርጊቱ እየለየ፣ ቃሉን እየመዘነ ያነብለታል። ወገኑን በግልጽ ያሳወቀ ጸሐፊ ለአንባቢው ሚዛን ሰጥቶታልና።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ከጎንደር ወደ ጣና ወርዶ ባሕር ዳርን ያዘ። በዚያው ወር በ27ኛው ቀን አዲስ አበባ ገባ። በዋና ከተማዋ ከነበሩት የውጭ አገር ጋዜጠኞች አንዱ በደቡብ አፍሪካ የተወለደው፣ የለንደኑ «ታይምስ» ጋዜጣ መልእክተኛ ጆርጅ ስቲር ነበር። ስቲር ከጦርነቱ መጀመሪያ አንሥቶ በኢትዮጵያ ቆይቷል፤ የኦጋዴንንም ግንባር ተዘዋውሮ አይቷል። ወራሪው ከተማዋን በያዘ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በግንቦት 1928 ዓ.ም.፣ ፀረ ኢጣሊያ ፕሮፓጋንዳ አካሂደሃል ሲል ወንጅሎ ከአገር አባረረው።

ክሱ ልብ ሊባል ይገባል። ወራሪው ያለው «ዋሽተሃል» ብቻ አይደለም፤ «ወግነሃል» ነው። ወገንተኝነቱ ከታወቀ ቃሉ ሁሉ እንደሚረክስ ቆጠረ። ገለልተኝነትን ከእውነተኝነት ጋር አንድ አድርጎ ማየት ያኔም ሆነ ዛሬ የሚዘወተር ስሕተት ነው። ከተበዳይና ከበዳይ እኩል ርቆ የቆመ ሰው ሁለቱን እኩል ያያል ማለት አይደለም። የመርዝ ጋዝ የሚረጨውንና ጋዙ የሚያቃጥለውን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ራሱ ለበዳይ ማድላት ይሆናል።

ስቲር በስደት ምን ሠራ? በሐምሌ 1928 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር በኢጣሊያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ ሲያነሣ፣ ለብዙዎች የኢትዮጵያ ጉዳይ ተዘግቶ ነበር። ስቲር ግን ያየውን ጦርነት በመጽሐፍ አሳተመ። ከዚያም ወደ ስፔን ተሻገረ። ሚያዝያ 18 ቀን 1929 ዓ.ም. የጀርመንና የኢጣሊያ አውሮፕላኖች የባስኮችን ከተማ ጌርኒካን ደበደቡ። ፋሺስቶቹ ወገኖች ከተማዋን ያቃጠሏት የገዛ ነዋሪዎቿ ናቸው ሲሉ አስተባበሉ። ስቲር ግን በዚያው ሌሊት ስትነድ ደርሶ አይቷት ነበር፤ የተረፉትን ጠየቀ፤ የጀርመን ምልክት የታተመባቸውን የቦምብ ቀፎዎች አገኘ፤ ይህንኑ ጻፈ። ፒካሶ በዚያው ዓመት የሣለው ታላቅ ሥዕል የከተማዋን ስም ይዟል። ስቲር ለባስኮች ማዘኑን አልደበቀም። ቃሉን ያጸናው ግን ኀዘኑ አይደለም፤ የቀፎው ምልክትና የነዋሪዎቹ ምስክርነት ነው። ማንም ሊመረምረው የሚችል ማስረጃ አቅርቦ ነበር።

እስከዚህ ድረስ መልሱ የቀለለ ይመስላል፤ ከዚህ በኋላ ግን ይከብዳል። በሰኔ 1932 ዓ.ም. ኢጣሊያ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገባች፤ ዓፄ ኃይለ ሥላሴም ወደ ሱዳን ተጓዙ። ስቲር የእንግሊዝ ጦር መኮንን ሆኖ በካርቱም የፕሮፓጋንዳውን ሥራ ያዘ። በራሪ ወረቀቶችና «ባንዲራችን» የተባለው የአማርኛ ጋዜጣ ተዘጋጁ፤ ወረቀቶቹም ከሰማይ ተበተኑ። አማርኛው የስቲር ሊሆን አይችልም፤ አገራቸውን የተነጠቁ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ቃል ነበር። የተባረረው ጋዜጠኛ ያጣው የሥራ ቦታውን ነው፤ እነርሱ ያጡት አገራቸውን ነው። ቃሉ የደረሰውም እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ይዋጉበት ወደነበረው ጎጃም ነው።

አሁን የአንባቢው ሁኔታ ተለውጧል። የለንደን አንባቢ በጋዜጣ ቢታለል የሚጎድለው እውቀቱ ነው። በጣና ዳርቻ የጠላት ምሽግ አጠገብ የሚኖር ገበሬ ግን «ንጉሥህ ቀርቧል፤ ተነሥ» የሚለውን ቃል አምኖ ቢነሣና ቃሉ ሐሰት ቢሆን፣ የሚከፍለው በሕይወቱና በቤተ ሰቡ ነው። ንጉሡ ድንበሩን ተሻግረው በኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማ የሰቀሉት ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በሰኔና በጥር መካከል ባሉት ወራት ያመነ ሁሉ ያመነው በወረቀት ላይ ቃል ነበር። ስለዚህ ወገን የያዘ ብዕር ኃላፊነቱ ገለልተኛ ነኝ ከሚለው ይበልጣል እንጂ አያንስም።

ጠላትን ማታለልስ? በ1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ በተያዘ ጊዜ የሆነ አንድ ነገር ይተረካል። ከአባይ መሻገሪያ፣ ከሰፈርጣቅ ምሽግ፣ የኢጣሊያ ወታደር ስልክ ደወለ፤ ኢጣሊያንኛ የሚያውቀው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ኤድመንድ ስቲቨንስ አነሣና ታላቅ ጦር እየመጣባችሁ ነው አለው። ጠላትም ምሽጉን ለቀቀ። ጦርነት ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ያለውን ብልሃት ያውቀዋል፤ በስልክ ማዶ ያለው ሰው የጋዜጠኛው አንባቢ አልነበረም። ነገር ግን ያን ቃል በማግስቱ በጋዜጣው እንደ ዜና ቢያትመው ኖሮ አንባቢውን በከዳ ነበር። በከረን ግንባር የስቲር ክፍል በድምፅ ማጉያ ይጠራቸው የነበሩት የኢጣሊያ አስካሪዎች ጉዳይ ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ ጠላትም አድማጭም ነበሩ። «ና፣ አትነካም» የተባለ ሰው በመጣ ጊዜ ቢነካ፣ የጦር ብልሃት የሚለው ስም ያን በደል አይሸፍነውም።

ስቲር የፕሮፓጋንዳውን ሥራ አልሸሸገም፤ በ1942 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው መጽሐፍ በገዛ ስሙ ተረከው። በታኅሣሥ 1937 ዓ.ም. በእስያ ጦር ግንባር አገልግሎት ላይ ሳለ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ዕድሜው 35 ነበር። ከዚህ ሕይወት የሚወሰደው ትምህርት ሁሉም የጦር ሜዳ ጸሐፊ ወታደር ይሁን የሚል አይደለም። ወገን ከመያዙ በፊት የግፉን ማስረጃ በእጁ የያዘ፣ ወገኑንም በግልጽ ያሳወቀ፣ በምስክርነት የጻፈውን በቅስቀሳ ከጻፈው የለየ ጸሐፊ፣ ቃሉ በኋላ ዘመን ሰው ሊመረመር ይችላል ማለት ነው።

የወገን ድል የወገንን ውሸት ይቅር የሚያሰኝ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በጣና ዳርቻ ያን ወረቀት አምኖ የተነሣ ገበሬ በጸሐፊው ላይ የነበረው መብት ከድሉ በፊትም ከድሉ በኋላም አንድ ነው፤ እውነቱ ሊነገረው ይገባ ነበር። መምህሩ ለተማሪው፣ ካድሬው ለሰበሰበው ሕዝብ፣ ደራሲው ለአንባቢው ያለበት ዕዳም ይኸው ነው።