እንጀራና ብሩሽ

ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ያለ ወጣት ሠዓሊ ምን ሥሎ ያድራል? ይሄ መልስ አያጣም። የሆቴል ታፔላ፣ የሠርግ ዲኮር፣ የካናቴራ ላይ ሥዕል፤ ጎብኚ ሲመጣ ደግሞ በብራና ላይ ታንኳና ዓይናቸው የጎላ መላእክት። የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው። እንጀራ የሚያበላው ሥዕልና በሐሳቡ የሚመላለሰው ሥዕል ሳይገናኙ ዕድሜው ቢያልቅስ?

«ለገንዘብ የተሣለ ነፍስ የለውም» ለማለት እንቸኩላለን። እስቲ ጣናን እንጠይቅ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ባሠሯት ናርጋ ሥላሴ፣ ሠዓሊው እመቤታችንን ከነልጇ ሥሎ እቴጌይቱን ከእግሯ ሥር ተደፍተው አሳይቷቸዋል። ከፋይዋ ሥዕሉ ውስጥ አሉ፤ ቦታቸው ግን ከታች ነው። ገንዘብ ቦታውን ካወቀ ሥዕል አይገድልም።

«እሱ ድሮ ቀረ» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ሥራው በዳጋ እስጢፋኖስ የተገኘው ፍሬ ጽዮን ለጀልባ የሚቸኩል ገዢ አልነበረበትም። የዛሬው ሠዓሊ የሚከፈለው በቁጥር ነው። ትናንት የተሸጠውን ዛሬም ድገመው ይባላል። እጅ ሲፈጥን ዓይን ይሰንፋል። ገበያውም ቢሆን አይታመንም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና፣ ከዚያም ጦርነቱ ጎብኚን ሲያስቀሩ፣ ለጎብኚ ብቻ ይሥል የነበረው ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነ፤ ገቢውም የለ፣ የራሴ የሚለው ሥዕልም የለ።

ይሁን እንጂ መደጋገም ሁሉ ሞት አይደለም። የጎጃሙ ቄስ አዳሙ ተስፋው ለአዲስ አበባ የመታሰቢያ ዕቃ ነጋዴዎች ገበያ የሚፈልገውን ሲሥሉ ኖረዋል። በሥራቸው ውስጥ የራሳቸው እጅ ስለታየ፣ የሎስ አንጀለሱ ፋውለር ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ሕይወታቸውና ሥራቸው መጽሐፍ አሳተመ። ርዕሱ የሌላ ቢሆን እንኳ ዓይኑ የራስ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ታፔላ መቀባት ነውር አይደለም፤ ሙያ በልብ ነው። አደጋው ሳምንቱን ሙሉ ለገዢ ሰጥቶ «ጊዜ ሳገኝ የራሴን እሥላለሁ» ማለቱ ላይ ነው። ጊዜ አይገኝም፤ ከገበያው እጅ ይነጠቃል፣ አንድ ማለዳም ቢሆን።

ሸክሙን ሁሉ ሠዓሊው ላይ ጭነን እንዳንሄድ ግን እኛም አለንበት። ለድንኳንና ለቪዲዮ የተባልነውን ሳንከራከር እንከፍላለን። የሠፈራችንን ሠዓሊ ግን «አንድ ነገር ሞነጫጭርልኝ፣ ለአንተ ምን አላት!» እንለዋለን። ሞልቶለት የራሱን እንዳይሥል ማን ከለከለው?