ጠመኔ የያዘው ልጅ

መምህሩ ለስብሰባ ሲጠራ አንዱን ተማሪ ከመቀመጫው ያስነሣና ጠመኔ ያስይዘዋል፤ የሚረብሹትን ስማቸውን ጻፍ ይለዋል። ይህ አሠራር እጅግ ከመለመዱ የተነሣ የሥነ ምግባር ጥያቄ ያለበት አይመስልም። ለመሆኑ ያ ጸጥታ የሚገዛው በምንድን ነው?

ልጁ ጠመኔውን ከጨበጠ በኋላ የቀድሞው ልጅ አይደለም። ወዳጁ ሲያወራ አላየሁም ይላል፤ የተጣላው ቢያስል ይጽፈዋል። ስሙ የተጻፈው ቢያጉረመርም የኤክስ ምልክት ይጨመርበታል፤ ቆሎ ያቀመሰው ይፋቅለታል። ስድሳ ልጅ ሥልጣን ማለት ምን እንደ ሆነ የሚማረው በዚያች ሰዓት ነው፤ በመርሐ ትምህርቱ ባይገባም ከሒሳቡ ይልቅ የማይረሳው ይኸው ትምህርት ነው። መምህሩም ተመልሶ በሰሌዳው ላይ ያገኛቸውን ይቀጣል። አላየም፤ አልጠየቀም። ፍርዱን ሌላው ፈርዶታል፤ እርሱ ፈጻሚ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1798 ለንደን ውስጥ ለድኾች ልጆች ትምህርት ቤት የከፈተው ጆሴፍ ላንካስተር፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሕፃናትን በአንድ አዳራሽ ለማስተማር ሲል ሞኒተር የተባሉ ተማሪዎችን በእኩዮቻቸው ላይ ሾመ። ዱላን የሚቃወም ሰው ነበር። ይሁን እንጂ በዱላው ፈንታ በጥፋተኛው አንገት ግንድ ማንጠልጠልን፣ በቅርጫት ሰቅሎ ማሳፈርን አመጣ። ቆዳው ዳነ፤ ክብሩ ግን አልዳነም።

በአገራችን በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አለንጋውን የሚከለክል ሕግ አለ ማለት ነው። ጠመኔውን የሚከለክል ሕግ ግን አይወጣም፤ ጉዳዩ የመምህሩ ኅሊና ነው።

የቄስ ትምህርት ቤት አለንጋ የሚናፈቅ አልነበረም። ነገር ግን በዚያ ፊደል የለየው ላልለየው ያስቆጥር ነበር፤ አንዱ ከሌላው የሚበልጠው ባወቀው ልክ ነበር። ሁሉም በየድምፁ ስለሚያነብ ሁካታው ራሱ ሥራ ነበር፤ የኔታን ቀና የሚያደርጋቸው ዝምታው ነበር።

ስድሳና ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ለሚደክም መምህር ይህ ሁሉ የቅንጦት ወሬ ቢመስለው አይፈረድበትም። ሆኖም ጠመኔውን ሲሰጥ «የሚረብሹትን ጻፍ» ከማለት ይልቅ «ይህን ጥያቄ ጻፍና አብራችሁ ሥሩት» ማለት የበለጠ ጊዜ አይወስድም። ክፍሉ በእርግጥ ይንጫጫል። ርእሰ መምህሩ በመስኮቱ አጠገብ ሲያልፍ የሚሰማው ይህንኑ ጫጫታ ነው፤ ጸጥታን የሥራ ምስክር አድርጎ የሚቆጥር አለቃ ባለበት ደግሞ ስም አስጻፊው መምህር ይመሰገናል።