ሊያስተምር የመጣ እንግዳ

ከሩቅ አገር እንግሊዝኛ ሊያስተምር የመጣ ሰው እንግዳ ነው ወይስ ባለቤት? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እስቲ ግን ቆም ብላችሁ አስቡት። ጠዋት ክፍል ገብቶ ጠመኔ ሲያነሣ ቋንቋው የእሱ ነው፤ በሩን የሚከፍተውም የሚዘጋውም እሱ ነው። ተማሪዎቹ በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ወንበራቸው ተቀምጠው የእሱ እንግዶች ይሆናሉ። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ሲወጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጭቃውን በየት በኩል እንደሚሻገር፣ ለሽማግሌ እንዴት ሰላምታ እንደሚሰጥ፣ እንጀራ በየትኛው እጅ እንደሚቆረስ አያውቅም፤ የአምስት ዓመት ሕፃን ታርመዋለች። የቀኑን የመጀመሪያ ግማሽ ሁላችንም እናደንቃለን። ሁለተኛውን ግን ብዙዎች እንደ ሽርሽር፣ ፎቶ እንደሚነሡበት ትርፍ ሰዓት ይቆጥሩታል። እኔ ግን ከባዱ የሕሊና ጥያቄ ያለው በዚህኛው ውስጥ ነው እላለሁ።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ቁጥራቸው ወደ 300 ይጠጋ ነበር። አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪዎች ሆነው በየከተማው ተበተኑ። አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ "እኔን ያስተማረኝ ፒስ ኮር ነው" የሚል አይጠፋም። ከመምጣታቸው በፊት ዋሽንግተን በሚገኘው በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሲሠለጥኑ አማርኛም ቀምሰው ነበር። ግን ኢሉባቦርን የመሰለ አገር የደረሰ አስተማሪ ገና ሌላ ትምህርት ይጠብቀዋል። በዚያን ጊዜ በክፍል እንግሊዝኛ፣ በቢሮ አማርኛ፣ በምድጃው ዙሪያ ደግሞ አፋን ኦሮሞ ነበር። ሰው ከልቡ የሚያወራው ደግሞ በምድጃው ዙሪያ ነው።

ደግሞ "የሩቅ አገር ሰው" ለመባል ውቅያኖስ መሻገር አያስፈልግም። መቱ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከእናንተ መካከል ነገ ዲግሪውን ይዞ በመቱ፣ በጎሬ ወይም በያዮ የሚመደብ ይኖራል። በክረምት የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ተሰብስበው ለሕፃናት እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚወጡም አላችሁ። ስለዚህ ስለ ፈረንጅ ብቻ እንደማወራ አትቁጠሩት።

አስቀድሞ እንግሊዝኛ በዚያ አካባቢ ላለ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ እንይ። በኦሮሚያ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ። ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ሒሳቡም፣ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ትናንት ክፍል ውስጥ እጇን ቀድማ ታወጣ የነበረች ልጅ ዛሬ ዝም ትላለች። ቡና መቼ እንደሚለቀም፣ ንብ የትኛውን አበባ እንደምትወድድ፣ የትኛው እንጨት ሳይጨስ እንደሚነድ ታውቃለች፤ ነገር ግን ይህ ሁሉ ዕውቀት በእንግሊዝኛ ስም የለውም። ስም የሌለው ነገር ደግሞ ፈተና ላይ አይመጣም። እንግዲህ ልጅቱ ቀስ በቀስ ምን ትማራለች? ከሰዋስው በፊት አንድ ነገር ትማራለች፦ ዕውቀት የሚባለው ከውጭ የሚመጣ መሆኑን፣ በእናቷ ቤት ያለው ግን ዕውቀት አለመሆኑን። አስተማሪው ይህን በአፉ አንድም ቀን ላይናገር ይችላል። ከእነሱ ምንም የሚፈልገው ነገር እንደሌለ በኑሮው ካሳየ ግን ተናግሯል።

አሁን ወደ ማዕዱ እንምጣ። አንዲት ባል የሞተባቸው እናት ልጃቸውን ለሚያስተምረው እንግዳ ዶሮ አረዱ እንበል። ዶሮዋ እንቁላል ጣይ ናት። የእንቁላሉ ገንዘብ የልጆቹ ደብተር ነበር። እንግዳው አስተዋይ ስለሆነ ይህን ያውቃል። ምን ያድርግ? ብዙ ቅን ወጣቶች "ጠግቤአለሁ" ብለው ይሸሻሉ። ከድሃ አፍ አልነጥቅም ማለታቸው ነው፤ ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። እኔም ይህን ክርክር ለመርታት ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ ረትቼዋለሁ አልልም።

ነገር ግን ከሴትየዋ ወገን እንየው። የእንግዳው ትምህርት ቤታቸው ገብቷል፤ የእሳቸው ወጥ ግን ወደ እሱ እንዳይገባ ተከልክሏል። ሁልጊዜ ተቀባይ፣ ሁልጊዜ አመስጋኝ፣ ሁልጊዜ ባለ ዕዳ ሆነው እንዲኖሩ ተፈርዶባቸዋል። "አይ፣ እርስዎ ድሃ ነዎት" መባላቸው እኮ ነው፤ ቃሉ በትሕትና ተሸፍኖ ቢመጣም። ጌታ ሰባዎቹን ደቀ መዛሙርት ሲልክ ኮሮጆ እንዳይዙ፣ በገቡበት ቤት የተገኘውን እንዲመገቡ ማዘዙን በዚህ ዓይን ተመልክቼው አውቃለሁ። ባዶ እጁን የተላከ ሰው አስተናጋጁን የግድ ይፈልገዋል። መልእክተኛው ሲርበው የቤቱ ባለቤት ክብር ያገኛል።

ስለዚህ ብሉ እላለሁ። ግን አበላልም አለ። ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ ስለሌለ ዘርዘር ላድርገው። በብዙ ቤት ልጆች የሚበሉት እንግዳ ከተነሣ በኋላ ነው። እጃችሁን ሊያስታጥብ ማንቆርቆሪያ ይዞ የቆመው ልጅ ትሪው ላይ የሚቀረውን በዓይኑ እየለካ ነው። ስለዚህ ጉርሻውን በደስታ ተቀበሉ፣ መረቁን አጣቅሱ፣ ሥጋውን ግን መሐል ላይ ተዉት። "ብሉ እንጂ! በሞቴ!" ሲባል ትንሽ ጨምሩ፤ ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። የቤቱም ሰው የተወላችሁበትን ምክንያት ያውቃል፤ ማንም አይናገረውም። ያኔውኑ ገንዘብ አውጥቶ መስጠት ደግሞ ማዕዱን ሆቴል ማድረግ ነው። ሳምንት ቆይታችሁ ስኳር ወይም ቡና ይዛችሁ ብትመለሱ ግን ዝምድና ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የዋጋ አይደለም፤ ሁለተኛው ተመልሳችሁ እንደምትመጡ ይናገራል።

ቡናውም እንደዚሁ ነው። ኢሉባቦር ቡና በዱር የሚበቅልበት አገር ነው። የያዮ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። እዚያ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፤ ባልተጠራ ጎረቤት ቅር መባባል አለ። ገጠር ገባ ካላችሁ በስኳር ፋንታ ጨው ያለበት ስኒ ሊቀርብላችሁ ይችላል፤ ፊታችሁን አታጥቁሩ። አቦሉን ጨልጦ ሰዓቱን አይቶ የሚነሣ እንግዳ ቶናንና በረካን ብቻ ሳይሆን ወሬውንም ጥሎ ይሄዳል። የታመመ ማን እንደሆነ፣ ማን ልጁን ከትምህርት ቤት እንዳስቀረና ለምን እንደሆነ የሚሰማው እኮ በሁለተኛውና በሦስተኛው ስኒ ላይ ነው። ከወር ወር ሲቀር የነበረውን ተማሪ ጉዳይ ከስም መጥሪያው መዝገብ ይልቅ እዚያ ያገኙ አስተማሪዎችን አውቃለሁ።

አንጮቴንም ሳላነሣ አላልፍም። በወለጋና በኢሉባቦር የሚበቅል፣ ከመሬት ሥር የሚወጣ ሥራሥር ነው፤ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ በቅቤና በቅመም ተለውሶ ይበላል። ለመስቀል ይቀርባል፤ አጥንቱ ለተሰበረና ለአራስ ይሰጣል። አንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ይህን ቀምሶ "ይህ ምን ይባላል? እንዴት ይሠራል?" ብሎ ለተማሪዎቹ የቤት ሥራ ቢሰጥ ምን የሚሆን ይመስላችኋል? ያች ዝም ያለችው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ የምታውቀው፣ አስተማሪው የማያውቀው ጉዳይ በእጇ ገባ። እንግሊዝኛዋ ሊሰባበር ይችላል፤ ግን የምትናገረው ነገር አላት።

ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ሁሩሙ የምትባል ከተማ አለች። በዚያ አካባቢ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሂካ የሚባል ልጅ ተወለደ። በልጅነቱ ተነጥቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ፤ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ ስዊድን አገር ድረስም ሄዶ ሠለጠነ። ኦኔሲሞስ ነሲብ ብለን የምናውቀው እሱን ነው። አዲስ ኪዳንን እ.ኤ.አ. በ1893፣ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በኦሮምኛ አሳትሞልናል። ይህን ሁላችሁም በሰንበት ትምህርት ሰምታችሁ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ግን ከአገሩ በሕፃንነቱ የወጣ ሰው የእናቱን ቋንቋ ቃላት ከየት አገኘ የሚለው ነው።

ከአስቴር ገኖ ነው ያገኘው። አስቴርም ከባርነት የተፈታች ወጣት ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1886 ነጻ ወጥታ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ወዳለው የሚስዮኑ ትምህርት ቤት ገባች። አገሯ በምድጃው ዙሪያ የሰማችውን ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን 500 ያህል ከአእምሮዋ አውጥታ በጽሑፍ አሰፈረች። ለትርጉሙ መሠረት የሆነውን የቃላት ስብስብ በማዘጋጀትም ትልቁን ድርሻ ይዛለች። እ.ኤ.አ. በ1894 ለማንበቢያ የሚሆን መጽሐፍ በኦሮምኛ ከኦኔሲሞስ ጋር አወጡ። አውሮፓ ተምሮ የመጣው ሰው አንዲት የሴቶች ትምህርት ቤት ተማሪ የምታውቀውን ሊማር ተቀመጠ ማለት ነው። ባይቀመጥ ኖሮ የሚያነብቡት ሰዎች የማያውቁትን ኦሮምኛ ይጽፍላቸው ነበር።

እንግዲህ ሁሉን ብሉ፣ ሁሉን ተቀበሉ ማለቴ ነው? እንደዚያስ አይደለም። ጠጅና ጠላ ሲቀርብ በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ የማትጠጡ ብዙ ናችሁ። ማርን የመሰለ ነገር በሞላበት አገር "ብርዝ ካለ ይሻለኛል" ማለት ማንንም አያስቀይምም፤ ፊት አጥቁሮ ስብከት መጀመር ግን ያስቀይማል። የአካባቢው ሰው ራሱ ይህን ጥበብ ከእኛ በተሻለ ያውቅበታል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ግን ክርስቲያን ሠርግ ሲደግስ ሙስሊም ጎረቤቱን ጠርቶ ለብቻ ያሳርዳል፣ ለብቻ ያስቀቅላል፣ ለብቻ ቦታ ያዘጋጃል፤ ሙስሊሙም እንዲሁ። ውጭ አገር ያደገ ሰው ይህን ሲያይ መለያየት ነው ይላል። እኔ ደግሞ የጎረቤቱን ሕሊና በራሱ ወጪ የሚጠብቅ ሰው አያለሁ። አንድ ላይ ይበሉ ብሎ ማስገደድ ወይም "እነሱ አይበሉም" ብሎ አለመጥራት የቀለለ ነበር።

በአንድ ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ያየሁትን ልንገራችሁ። የውጭ አገር አስተማሪው ሠርግ ተጠርቶ ነበርና "በየትኛው ድንኳን ልቀመጥ?" ብሎ ተማሪዎቹን በእንግሊዝኛ ጠየቃቸው። አንዱ ተነሥቶ መለሰ፤ ሌላው "የለም" አለ፤ ወዲያው ክፍሉ ተንጫጫ። ስለ ሰዋስው የተጨነቀ አልነበረም። አንዲት ልጅ ማረድን እንዴት እንደምትለው ቃል ጠፋትና ወደ ሰሌዳው ወጥታ በአፋን ኦሮሞ "ቀልማ" ብላ ጻፈች። አስተማሪው "ከልማ" ብሎ አነበበው። ጠመኔውን እንደያዘች ጉሮሮዋን እያሳየች "ኖ፣ ቲቸር" አለችው፤ "ቀ! አጌን!"