ከማታለል ስለ መራቅና ከአታላይ ስለ መጠንቀቅ

በአላህ ስም እጀምራለሁ። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው፤ ሶላትና ሰላም «ታማኙ» ተብሎ በተጠራው በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቹና በባልደረቦቹ ሁሉ ላይ ይሁን። ከዚህም በኋላ፤

ወንድሜ ሆይ፥ አላህ መልካሙን ያሳውቅህና፥ ማታለል በየዘመኑ ልብሱን ይለውጣል እንጂ ባሕርዩ አንድ መሆኑን እወቅ። ኢማም ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ እንዳስተላለፉት፥ ነቢዩ በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገቡ፤ ላዩ ደረቅ፥ ውስጡ ግን እርጥብ ሆኖ አገኙት። ሻጩ በዝናብ ቢያመካኝ፥ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ አታላይም ከእርሳቸው ወገን አለመሆኑን ተናገሩ።

ዛሬ ያ ክምር በስልክ ድምፅ ውስጥ ተደብቋል። በደብረ ታቦር በሱቅህ ተቀምጠህ ሳለ ስልክህ ይጮኻል። ደዋዩም በለዘበ አንደበት «ከባንክ ነው የምደውለው፤ ሒሳብህ ሊዘጋ ነው» ወይም «ሽልማት ደርሶሃል» ይልሃል። ቀጥሎም በመልእክት የደረሰህን ቁጥር እንድትነግረው ያስቸኩልሃል፤ ያ ቁጥር ግን የገንዘብህ ሣጥን መክፈቻ ነው። ሌላውም የሐሰት መልእክት ሰድዶ «በስሕተት ብር ልኬብሃለሁና መልስልኝ» ይልሃል፤ አንተም አማና እመልሳለሁ ስትል የራስህን ገንዘብ ትሰጠዋለህ። የዚህን ሰው ተንኮል ተመልከት፤ የገባብህ በክፋትህ በኩል ሳይሆን በደግነትህ በኩል ነው።

እንግዲህ ሙእሚን ምን ያድርግ? ሰውን ሁሉ ሌባ ነው ብሎ ደጁን ይዝጋን? ወይስ ተወክያለሁ እያለ ምስጢሩን ለጠየቀው ሁሉ ይስጥ? ሁለቱም ስሕተት ነው። አላህ በአል ሑጁራት ምዕራፍ በ6ኛው አንቀጽ ወሬ ይዞ የመጣን አመፀኛ እንድናጣራ አዞናል። ማጣራት ማለት ግን ሰውን መጥላት አይደለም። አባቶቻችን የማሪያ ቴሬዛን ብር ሲቀበሉ የዘውዷንና የትከሻዋን ጌጥ ፍሬ እየቆጠሩ ነበር፤ ሰጪውም ተሰደብኩ አይልም ነበር። አንተም እንዲሁ ቁጠር። የምስጢር ቁጥርህን ከባንክ ነኝ ለሚልህም አትንገር። ስልኩን ዝጋና ወደ ቅርንጫፉ ሂድ። ገንዘብ መልስ ብትባል መልእክቱን ሳይሆን የራስህን ሒሳብ አይተህ መልስ። የሚያስቸኩልህን ሰው ከሁሉ ይልቅ ፍራ፤ እውነት ለአንድ ሰዓት ብትቆይ አትበላሽምና።

እኅቴ ሆይ፥ ከተታለልሽም በኀፍረት አትደብቂው። ዐብደላህ ብን ዑመር እንዳስተላለፉት፥ በንግድ ዘወትር የሚታለል አንድ ሰው ለነቢዩ ችግሩን ቢነግራቸው ከገበያ አላስወጡትም፥ አልሰደቡትምም፤ ሲገበያይ ማታለል የለም ብሎ እንዲያስታውቅ አስተማሩት እንጂ። የተታለለ ሰው የሚደበቅ ከሆነ አታላዩ ወደ ጎረቤቱ ቤት ያልፋል። ስለዚህ ለባልሽ፥ ለልጆችሽና ለጎረቤትሽ ንገሪ፤ ለፖሊስም አመልክቺ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅም እንዲህ ያለውን ማጭበርበር ይቀጣል።

ደግሞም የደዋዩ ሌብነት በብር ብቻ እንደማያበቃ አስተውል። የደሪታ ሙስሊም ነጋዴዎች በቅፍለት ዘመን ሩቅ አገር ሲነግዱ የከበረው ስንቃቸው ቃላቸው ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ተነሥቶ ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜም፥ መንገድ ያስፈራው ነጋዴ በወዳጁ ድምፅ ላይ ይበልጥ ተደገፈ። አታላዩ ይህን ድርና ማግ ይበጥሳል። ነገ በእውነት የታመመ ወንድም ከአዲስ አበባ ቢደውል የሚያምነው ያጣል። እንግዲህ ሐሰተኛው ደዋይ ያላወቀውን ችግረኛ ሁሉ ዘርፏል ማለት ነው።

አሁን ግን ወደ ራሳችን ሚዛን እንመለስ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም.፥ ያውም በረመዳን ወር፥ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መሣሪያ በአንድ ሌሊት ቢሳሳት፥ ብዙ ሰዎች የእነርሱ ያልሆነ ገንዘብ አወጡ፤ ነገሩም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ከእነርሱ ውስጥ ብዙዎች ከዚያ በፊት ሌባ ተብለው የሚታወቁ አልነበሩም። የሚያይ የለም ባሉ ጊዜ ግን እጃቸው ተዘረጋ። ከፊሎቹ በኋላ መልሰዋል፤ መመለስም መልካም ነው። አንተስ በማርህ ስኳር፥ በቅቤህ ባዕድ ነገር ጨምረህ፥ ወይም የስንዴህን እርጥብ ከታች አድርገህ እንደ ሆነ፥ የስልኩን ሌባ በምን አፍህ ትረግመዋለህ? እርሱ ፊቱን ሸሸገ፥ አንተ ዕቃህን ሸሸግህ፤ አላህ ግን ሁለታችሁንም ያያል። በቁርኣን 83ኛው ምዕራፍ በሰፋሪዎች አታላዮች ላይ የወረደው ዛቻ ገበያውን አይለይም።

ያታለለም ሰው ቢኖር፥ በምላሱ ብቻ ምሕረት መለመን አይበቃውም፤ የሰው ሐቅ ለባለቤቱ ይመለሳል። ባለቤቱን ፈልጎ ፈጽሞ ካላገኘው፥ ዐሊሞች እንዳሉት፥ በባለቤቱ ስም ሰደቃ ያድርገው። ዛሬ በብር የሚከፈለው ዕዳ ነገ በመልካም ሥራ ይከፈላልና።

አላህ ሆይ፥ ሪዝቃችንን ሐላል፥ ዓይናችንን ንቁ፥ ቃላችንን እውነተኛ አድርግልን። አሚን።