የሌላውን ሰው ድርሻ ለእግዚአብሔር ስለ መስጠት

አንባቢ ሆይ፤ በመጽሐፈ መሳፍንት የተጻፈውን የዮፍታሔን ነገር ሳታነብ አልቀረህም። ዮፍታሔ ወደ ጦርነት ሲወጣ ተሳለ፤ ድልም አደረገ፤ ስእለቱን የከፈለችው ግን አንዲት ልጁ ናት። ይህን ታሪክ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ ሳያስቡ ስለ መሳል ምሳሌ አድርገን እናልፈዋለን። ለእኔ ግን ከችኮላው የሚበልጥ ጥፋት ያለበት ይመስለኛል፤ ይኸውም ዮፍታሔ የራሱ ያልሆነውን እንደ ራሱ አድርጎ መስጠቱ ነው። ንጉሥ ዳዊት የኦርናን አውድማ በነጻ ውሰድ ሲባል ዋጋ ያልከፈለበትን መሥዋዕት አላቀርብም ብሎ በብር ገዛው። እንግዲህ አንድ ነገር እንጠይቅ፤ ዋጋውን ሌላ ሰው የከፈለበት መሥዋዕት የማን ይባላል?

ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚነሣው የወንጌል መልእክተኞች ሚስቶቻቸውን ይዘው ወደ ባዕድ አገር በሚሄዱበት ቤት ነው። ምሳሌውንም ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም። ከሐይቅ ተነሥቶ በደሴ ሰኞ ገበያ ለመዋል የሚመጣው ሰው በሚያውቀው አገር፥ በ1842 ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ መልእክተኛ አልፎአል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ደሴ ያን ጊዜ ገና አልተቆረቆረችም። ክራፕፍ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር ተልኮ በ1839 ወደ ሸዋ ገብቶ በአንኮበር በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ተቀምጦ ነበር። በ1842 ወደ ግብጽ ለመውረድ ተነሣ፤ በዚያ የሚያገባት ሙሽራ ነበረችና። በወሎ ሳለ ግን አዳራ ቢሌ የተባለው ባላባት ያዘው፤ ዕቃውንም ሁሉ ገፎ ባዶ እጁን ለቀቀው። ከዚያ በሐይቅና በየጁ በላስታም አድርጎ እየለመነ እስከ ምጽዋ ደረሰ። ስለ አንድ ባላባት ሥራ ወሎን የሚወቅስ ሰው ቢኖር፥ ለማኝ ከዚህ ተነሥቶ እስከ ባሕር የሚደርሰው በየመንገዱ እንጀራ የሚቈርስለት ቢያገኝ መሆኑን ያስብ።

ሙሽራይቱ ከባዝል የመጣች ሮዚነ ዲትሪኽ የምትባል ሴት ናት። በዚያው ዓመት በእስክንድርያ ተጋቡ። ወዲያውም ወደ ሸዋ ለመመለስ በታጁራ በኩል ሞከሩ፤ በሩ ግን ተዘግቶባቸው ነበር። በ1843 በምጽዋ በኩል ወደ ትግራይ ተነሡ። በሾሆ በረሓ ሳሉ ሮዚነ ያለ ጊዜዋ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃንዋም ወዲያው ሞተች። አባትዋ ያወጣላት ስም የአማርኛ ስም ነበር፤ «እንባ» አላት። ሐዘንተኞቹ ጕዞአቸውን ቀጥለው ትግራይ ገቡ፤ በዚያም እንዳይቀመጡ ስለ ተከለከሉ ተመለሱ። በ1844 መጀመሪያ ወደ ሞምባሳ ደረሱ። በሐምሌ ወር ሁለቱም በንዳድ ታመው ሳሉ ሮዚነ ሁለተኛ ሴት ልጅ ወለደች፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተች፤ ሕፃንዋም ተከተለቻት። ባልዋ ከበሽታው ሳይድን ቀበራቸው። ወደ ለንደን በላከውም ደብዳቤ ይህን የብቻ መቃብር ሚሲዮኑ በዚያ የአፍሪካ ወገን ሥራውን ለመጀመሩ ምልክት አድርጎ ጻፈ።

ይህ ቃል በብዙ የሚሲዮን መጽሐፍ ተደጋግሞአል፤ ብዙ ሰውም ለአገልግሎት አነሣሥቶአል። እኔ ግን ባነበብሁት ጊዜ ሁሉ ትንሽ እቆማለሁ። ሰው ስለ ራሱ መቃብር እንዲህ ቢል እምነት ነው። ስለ ሚስቱ መቃብር ግን እንዲህ ለማለት መብት ያለው ማን ነው? ሮዚነ ራስዋ ናት። ባልዋ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት በእምነት እንደ ጸናች መስክሮላታል፤ ከባዝል እስከ እስክንድርያ፥ ከእስክንድርያም እስከ ሞምባሳ የተጓዘችው በገዛ እግርዋ ነው። ስለዚህ መሥዋዕቱ የእርስዋ ነበር እላለሁ፤ «ክራፕፍ ሚስቱን ለአፍሪካ ሰጠ» የሚሉትን ግን አልቀበልም። ሚስት የባልዋ ገንዘብ አይደለችምና እርሱ ሊሰጣት አይችልም።

የሕፃናቱስ ነገር? እነርሱን የጠየቃቸው የለም፤ ሊጠየቁም አይችሉም። ጥያቄው ከሁሉ የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነው፤ ፈጥኜም ልፈታው አልፈልግም። አንዳንዱ ሰው፥ ሕፃን ሊሞትበት ወደሚችል አገር ሚስቱን ይዞ የሚሄድ አባት ኀጢአተኛ ነው ይላል። እንደዚህ ከሆነ ግን ነጋዴውም ወታደሩም፥ በቆላ መሬት አግኝቶ ከደጋ የሚወርደው ገበሬም ኀጢአተኞች ናቸው። ልጅ ከወላጆቹ ጋር ይኖራል፤ ከእነርሱም ጋር ንዳድና ረኀብ ያገኘዋል፤ በዚያ ዘመን በባዝልም ሆነ በአንኮበር ሕፃናትን ያልቀበረ ቤት ጥቂት ነበር። አደጋው ብቻውን በደል አይደለም። በደሉ የሚጀምረው ወላጅ የልጁን ሥቃይ የራሱ ክብር ሲያደርገው ነው። ስለዚህ ክራፕፍ ለመጀመሪያይቱ ልጁ ያወጣውን ስም አከብራለሁ። ድል ወይም ሞገስ ወይም ሌላ የሚያኰራ ስም ሊሰጣት ይችል ነበር። እርሱ ግን በበረሓው የሆነውን ነገር በስሙ ጠራው። እንባ እንባ ነው፤ ለማንም የሚቈጠር ብድራት አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ መቅደላ እንሂድ፤ እርስዋም በዚሁ በደቡብ ወሎ ናትና። ማርቲን ፍላድ በባዝል አጠገብ ካለው ከክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት ወጥቶ በቤተ እስራኤል መካከል ሊሠራ የመጣ ነው፤ ሚስቱ ጳውሊነ ኬለር ደግሞ ድውያንን ለማስታመም የተማረች ዲያቆናዊት ነበረች። አጼ ቴዎድሮስ በ1866 ከእንግሊዝ አገር የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችን እንዲያመጣ ፍላድን ወደ ንግሥት ቪክቶርያ ሲልኩት፥ ሚስቱንና ልጆቹን መያዣ አድርገው አስቀሩ። ፍላድ ለንደን ደረሰ፤ ንግሥቲቱንም አየ። በዚያም በነጻ አገር፥ በወዳጆቹ መካከል ነበር። በ1867 ግን ተመለሰ፤ ንጉሡ የጠበቁአቸው ሠራተኞች አብረውት ስላልደረሱ በቍጣ ፊት እንደሚቆም እያወቀ ተመለሰ። በኤፕሪል 1868 በመቅደላ ጦርነት ጊዜ ከሌሎቹ ፈረንጆች ጋር ከነቤተ ሰቡ ነጻ ወጣ።

ሰዎች የፍላድን መመለስ ያደንቃሉ፤ ይገባዋልም። ነገር ግን አንድ ዓመት ያህል የቈየውን የጳውሊነን መቀመጥ እስቲ አስበው። እርሱ በመርከብና በባቡር ሲሄድ፥ በቤተ መንግሥት ሲጠየቅ፥ ቀኑ በአዲስ ነገር ይሞላ ነበር። የእርስዋ ቀን ግን ሁሉ አንድ ነው፤ ለልጆቹ የሚበላ መፈለግ፥ የታመመውን ማስታመም፥ «አባታችን መቼ ይመጣል?» ለሚለው መልስ መስጠት። በዚያ ላይ መንገዱ ሩቅ ስለ ሆነ ደብዳቤ በብዙ ወር አንድ ጊዜ ቢደርስ ነው። የሄደው ሰው ሥራ በታሪክ ሲጻፍ የተቀመጠችው ሴት ሥራ «ቤተ ሰቡም በመያዣነት ቀረ» ተብሎ በአንድ መስመር ያልፋል። በዚያ ዘመን በብዙ ማኅበር መዝገብ ላይ መልእክተኛ ተብሎ የሚቈጠረው ባል ነው፤ ሚስት በስሙ ሥር ትጠራለች። እኔ ይህን መዝገብ የጻፉትን ሰዎች ክፉዎች አልላቸውም፤ ነገር ግን ሒሳቡ ተሳስቶአል።

ሒሳቡ የተሳሳተበትም ምክንያት ይታወቃል። ስለ ሚሲዮን ስናስብ እስር ቤትን፥ ወንበዴን፥ አውሬን እናስባለን። እነዚህ የሚመጡት በስንት ዓመት አንድ ጊዜ ነው። በየቀኑ የሚመጣው ግን ውኃ ነው፥ እንጨት ነው፥ ዱቄት ነው፤ ገና በማታውቀው ቋንቋ ከጎረቤት ጋር መነጋገርና መሳሳት፥ ከዚያም መሳቂያ መሆን ነው። ማለዳ ልጅዋን ሳታጥብ ዐይኑ የታመመ ሰው በደጅ ተቀምጦ ይጠብቃል። ባልዋ ማታ ከስብከት ሲመለስ ደክሞት ዝም ይላል፤ እርስዋ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በገዛ ቋንቋዋ አንድ ቃል የተናገራት ስለሌለ ዝምታው ከሥራው ይልቅ ይከብዳታል። ብዙ ትዳር በወንበዴ ሳይሆን በዚህ ዝምታ ይጐዳል። ለአደጋው ቀን የሚጸልዩ አሉ፤ ለዚህኛው ቀን የሚጸልይ ግን ጥቂት ነው።

ይህ የፈረንጆች ነገር ብቻ እንዳይመስልህ። ከሐማሴን የወጣው ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ከሚስቱ ከጉሜሽ ጋር በ1898 ወደ ወለጋ ወደ ቦጂ ገብቶ ያስተምር ነበር፤ በ1905 በዚያው በእሳት አደጋ ሞተ። አገሩ ኢትዮጵያ ቢሆንም ከቤት መራቁ ያው ነው። በደሴም ራስዋ በዲሴምበር 1935 የኢጣልያ አውሮፕላኖች ከተማይቱን ሲደበድቡ የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታል ተመትቶአል። ዛሬም ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ወደ ሩቅ ወረዳ የሚላክ ወንጌላዊ፥ አስተማሪ ወይም የሕክምና ሠራተኛ በዚህ ነገር መካከል ይገኛል።

ምናልባት፥ «ሚስቴን ብጠይቃት እምቢ ትላለች፤ እንግዲህ የእግዚአብሔር ጥሪ በሰው ቃል ይሻራልን?» ትል ይሆናል። መልሴ ይህ ነው። እምቢታዋን የምትፈራ ከሆነ፥ ቀድሞ ነገር ልትጠይቃት አላሰብህም፤ ልታስታውቃት ብቻ አስበሃል። ጥያቄ ማለት ሁለት መልስ ያለው ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ ባለ ሚስት ነበረ፤ ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ኬፋና ሌሎቹ ሐዋርያት ከሚስቶቻቸው ጋር እንደሚዞሩ ይናገራል፤ ራሱ ግን ብቻውን ሄደ። የጳውሎስን መንገድ የፈለገ ሰው ሳያገባ ይሂድ። ካገባ በኋላ ግን ጥሪው የሁለት ሰው ነው፤ የሚሰማውም በአራት ጆሮ ነው። አንድ ዓመት ቢዘገይ ወንጌል አይጠፋም። ደግሞስ እምቢ የምትለው እርስዋ ብቻ መሆንዋን ማን ነገረህ? ሚስት ተጠርታ ባል ወደ ኋላ ያለበት ቤት ብዙ አለ፤ የዚያ ቤት ነገር ግን አይነገርም።

አንቺም እኅቴ፤ እሺ ያልሽ እንደ ሆነ እሺታሽ የራስሽ ይሁን። ከሰው ሐሜት የተነሣ፥ ወይም «የአገልጋይ ሚስት ሆና ወደ ኋላ አለች» እንዳይሉሽ ብለሽ የሄድሽ እንደ ሆነ፥ በሦስተኛው ወር ውኃ ስትቀጂ ያ ሐሜት አብሮሽ አይቀዳም።

ላኪዎቹ ምእመናንም ድርሻ አላችሁ። ባልና ሚስት ወደ ሩቅ አገር ስትሸኙ በጉባኤ ፊት አቁማችሁ ባልን ብቻ አታናግሩ። ሽማግሎች ለብቻዋ ይጥሩአትና፥ ባልዋ በሌለበት፥ ትሄድ ዘንድ ትወድድ እንደ ሆነ ይጠይቁአት፤ አልወድም ብትልም ነገርዋ ከዚያ ቤት እንዳይወጣ ይጠብቁ። ከሄዱ በኋላ ደብዳቤ ስትጽፉ ስንት ሰው እንዳመነ ከመጠየቃችሁ በፊት ልጁ ጥርስ አወጣ ወይ፥ ውኃው ቅርብ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የምትልኩትንም ገንዘብ ግማሹን በስምዋ ላኩላት፤ ወር እስከ ወር የሚበቃውን የዱቄት ልክ የምታውቀው እርስዋ ናትና።