የአንድ ገጽ ሁለት አንባቢዎች

የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ የልጅ ልጅ አያቱን ያገኝበት ዘንድ ተብሎ አልተጻፈም። ነገሥታትና መንግሥታት ሕዝባቸውን ያስቆጠሩት ግብር ለመጣል፣ ጦር ለመክተት፣ መሬት ለመደልደል ነው። ከኦሪት መጻሕፍት አንዱ ስሙን ከቁጥር ያገኘው ሙሴ በሲና ምድረ በዳ ለሰልፍ የሚወጡትን፣ ዕድሜያቸው ሃያና ከሃያ በላይ የሆናቸውን ወንዶች ስለ ቆጠረ ነው፤ ሴቶችና ሕፃናት ከዚያ ድምር ውስጥ የሉም። ንጉሥ ዳዊት ኢዮአብን አዝዞ ሕዝቡን ባስቆጠረ ጊዜ ደግሞ በአገሩ ላይ መቅሠፍት ወርዶ ሰባ ሺህ ሰው እንዳለቀ መጽሐፈ ሳሙኤል ይተርካል። ሊቃውንቱ ኃጢአቱ ምን እንደ ነበረ ብዙ ተከራክረውበታል። ሰውን መቁጠር ሰውን እንደ ሀብት መያዝ ሊሆን እንደሚችል ግን የጥንት ሰዎች ያለ ሊቅ እገዛ የተረዱት ይመስላል።

ዛሬ ያው መዝገብ ሌላ አገልግሎት አግኝቷል። በልዩ ልዩ አገር የሚኖር ሰው አርጅቶ የወየበውን ገጽ የሚገልጠው የግብሩን ልክ ሊያውቅ አይደለም፤ «እኔ ከማን ተወለድሁ?» ብሎ ሊጠይቅ ነው። ጥያቄው ቀና ነው። ነገር ግን መልሱ የሚገኘው ለዚህ ጥያቄ ምንም ግድ ባልነበረው ሰው እጅ ከተጻፈ ወረቀት ነውና፣ ከዚህ ላይ አንድ የሥነ ምግባር ችግር ይነሣል። ለገዢ ጥቅም የተጻፈውን መዝገብ የተገዢው ልጅ ሲያነብበው የሚያገኘው አያቱን ነው ወይስ ገዢው ስለ አያቱ የነበረውን አስተያየት?

ችግሩን ከሁሉ ይልቅ አጉልቶ የሚያሳየው የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት መዝገብ ነው። (ስለ ውጭ አገር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ።) በ1787 የተረቀቀው የዚያች አገር ሕገ መንግሥት፣ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት መቀመጫ ድልድል አምስት ባሮች እንደ ሦስት ሰው እንዲታሰቡ ደነገገ። ባሪያው ድምፅ አልነበረውም፤ የእርሱ በሕይወት መኖር ግን የጌታውን ክፍለ ግዛት ድምፅ ያበዛ ነበር። የመጀመሪያው ቆጠራ በ1790 ሲካሄድ በስሙ የተጻፈው የቤቱ አባወራ ብቻ ነው፤ ሚስትና ልጆች በቁጥር ታለፉ። በ1850 ይህ ተሻሽሎ የእያንዳንዱ ነፃ ሰው ስም፣ ዕድሜና የትውልድ ቦታ እንዲመዘገብ ተወሰነ። ለባሮች ግን የተለየ ቅጽ ተዘጋጀ።

ያን ቅጽ ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ዐምድ የጌታው ስም ይጻፋል። ከሥሩ በተራ ቁጥር ባሮቹ ይከተላሉ፤ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የቆዳ ቀለም፣ የኮበለለ እንደ ሆነ፣ ነፃ የተለቀቀ እንደ ሆነ፣ ደንቆሮ ወይም ዕውር እንደ ሆነ። የስም ዐምድ የለም። ይህም ከመዘንጋት የመጣ አይደለም። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የባሮቹ ስም እንዲጻፍ ታስቦ ነበር፤ የደቡብ ክፍላተ ግዛት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት ግን ተቃውመው ስሙን በተራ ቁጥር አስለወጡት። ስም ያለው ሰው እናት አለው፤ እናት ያለው ሰው ደግሞ ሲሸጥ የሚጠይቅለት አለው። ከዚህ ሕግ ያመለጡ ጥቂቶች ቢኖሩ ዕድሜያቸው ከመቶ ዓመት ያለፈ አንዳንድ አረጋውያን ናቸው፤ እነርሱ አልፎ አልፎ በስማቸው ተጽፈው ይገኛሉ። አንድ ክፍለ ዘመን ሙሉ በባርነት የኖረ ሰው ገበያ ላይ ዋጋ ስለሌለው፣ ስሙ ቢታወቅ የሚጎዳው ጌታ አልነበረም ብለን ብንገምት ከእውነቱ አንርቅ ይሆናል። በ1860 ቆጠራ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በዚህ ዓይነት ያለ ስም ተቆጠሩ።

በ1865 ባርነት በሕግ ተሻረ። በ1870 ቆጣሪው ወደ ነፃ ወጪዎቹ ቤት ሲሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ ስማቸውን ጠየቀ። የዛሬዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን የትውልድ ሐረጋቸውን ወደ ኋላ ሲቆጥሩ ያለ ብዙ ድካም የሚደርሱት እስከዚህ ዓመት ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ እንደ ግንብ የሚያቆም ነገር ይገጥማቸዋል። ግንቡን ለማለፍ የሚገኘው ዋና በር አንድ ነው፤ የጌታውን ስም መፈለግ። የአያቱን አያት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ያያቱን ባለቤት ማግኘት አለበት። ልጅ እናቱን ለማየት በሸጣት ሰው ደጅ እንዲጠና የሚያስገድድ መዝገብ ይህ ነው፤ ከዚህ የከፋ ምፀት ለማግኘት ያስቸግራል።

እንግዲህ አንድ ገጽ ሁለት አንባቢዎች እንዳሉት ልብ እንበል። የጌታው የልጅ ልጅ ልጅ ገጹን ገልጦ ቅድመ አያቱን ሙሉ ስሙን ከነማዕርጉ ያገኘዋል። የባሪያይቱ የልጅ ልጅ ልጅ በዚያው ገጽ ላይ «ሴት፣ ዕድሜ 22፣ ጥቁር» የሚል መስመር ያገኛል፤ ያቺ ሴት የእርሱ ትሁን የሌላ እርግጠኛ አይደለም። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ምን ይባባሉ?

ብዙውን ጊዜ የፊተኛው የሚሰጠው መልስ ይታወቃል፤ «እኔ አልገዛሁም፣ አልሸጥሁም፤ በአያቴ ጥፋት ልጠየቅ አይገባኝም» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም። ነቢዩ ሕዝቅኤልም ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም አስተምሯል። ሆኖም ይህን የሚል ሰው አንድ ነገር እንዲያስተውል እንጠይቀዋለን። ጥፋት የማይወረስ ከሆነ ክብርም አይወረስም። በአያቱ ጀግንነት እየፎከረ፣ የአያቱን ጋሻና ጦር በግድግዳው ላይ ሰቅሎ እንግዳ የሚያስደንቅ ሰው፣ በዚያው አያት ላይ ያለው ዕዳ ሲነሣ «ሙታንን ተዉአቸው» ማለት አይችልም። ወይ ሁለቱንም ይተዋል፣ ወይ ሁለቱንም ይቀበላል።

ከዚህም በላይ ጥፋት ባይወረስ የሚወረስ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ሣጥኑ ነው። መንግሥት ያልመዘገበውን የባሮቹን ስም ጌታው ራሱ ጽፎታል። በኑዛዜው ለልጆቹ ሲያከፋፍል፣ ሲሞት ንብረቱ ሲቆጠር፣ በዕዳ ሲያሲዝ፣ ለሐኪም ሲከፍል፣ አንዱን ከሌላው መለየት ነበረበትና በስም ጠራቸው። የሰውነታቸው ምልክት ስለ ሆነ አይደለም የጻፈው፤ ንብረት እንዳይምታታበት ነው። ቢሆንም ጽፎታል። ከእነዚህ ወረቀቶች ብዙዎቹ በየፍርድ ቤቱ ይገኛሉ፤ ሌሎቹ ግን እስከ ዛሬ በቤተ ሰብ እጅ፣ ከደብዳቤና ከፎቶግራፍ ጋር ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ስለዚህ የጌታው ወራሽ በአያቱ በደል ባይጠየቅም ስለ ቁልፉ ይጠየቃል። አያቱ ያደረገው የአያቱ ነው፤ ሣጥኑን ዛሬ ዘግቶ መያዝ ግን የራሱ ሥራ ነው።

ከነፃነት በኋላ ነፃ ወጪዎቹ ራሳቸው ያጻፉት መዝገብም አለ። በ1865 ነፃ ለወጡ ባሮች የቁጠባ ባንክ በሕግ ተቋቁሞ ነበር። ገንዘብ ሊያስቀምጥ የመጣውን ሰው ማንነቱን ለማረጋገጥ የባንኩ ጸሐፊዎች የአባቱን፣ የእናቱን፣ የወንድምና የእኅቱን፣ የትዳር ጓደኛውንና የልጆቹን ስም ይጠይቁት ነበር። ሰውየውም ወደ ሩቅ አገር የተሸጡበትን ጭምር እየቆጠረ ያስመዘግባል። ባንኩ በ1874 ተዘጋ፤ የብዙ ድሆች ጥሪት ጠፋ። ስሞቹ ግን ቀሩ። ዛሬ ዘሩን የሚሻ ሰው ከመንግሥት ቆጠራ ያላገኘውን ከዚህ የከሠረ ባንክ መዝገብ ያገኛል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በኢትዮጵያ የመላው አገሪቱ የሕዝብ ቆጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በግንቦት 1976 ዓ.ም. ነው፤ ቅድመ አያቱን የሚፈልግ ሰው ከዚያ ብዙ አያገኝም። እኛ የቆጠርነው በቃል ነው። ለጋብቻ እንዳይዛመድ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በጎንደርና በጎጃም እንዲሁም በሌሎች የርስት አገሮች ደግሞ ተሟጋቹ ከአቅኚው አባት ጀምሮ በእናትም በአባትም የሚወርደውን ትውልድ በዳኛ ፊት ይዘረዝር ነበር። ርስት በሴት በኩልም ስለሚወርድ ሴት አያቶች አልተረሱም፤ በዚህ ረገድ የባላገሩ ሽማግሌ የቃል መዝገብ ከ1790ው የአሜሪካ መዝገብ የተሻለ ነበር ለማለት እንደፍራለን። በየአድባራቱም የመሬት ስጦታ ከወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ እየተገለበጠ፣ የሰጪውና የተቀባዩ ስም ከምስክሮቹ ጋር ተጠብቆ ኖሯል።

ይሁን እንጂ መሬት ያስታወሰውን ያህል መሬት ያስረሳውም አለ። ርስት የሌለው ሰው የሚቆጥርበት ምክንያት አልነበረውም፤ ስለ እርሱም የሚቆጥርለት አልነበረም። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ በትውልድ ቆጠራው ዳር ቆሙ። ባሪያ ተብሎ ከሩቅ አገር ተነድቶ የመጣው ደግሞ የአባቱ ስም ተወስዶ በጌታው ቤት ስም ተጠራ። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ ተከልክሏል። የነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ከየቤተ ሰቡ ጋር ተዋሕደው የሚኖሩ ናቸው፤ ነገሩን የሚያውቅ ሽማግሌ ግን በብዙ ቦታ አለ። ያውቃል፣ ዝም ይላል።

ይህ ዝምታ ምንድን ነው? ደግነት ነው ወይስ በደል? በችኮላ የሚፈረድ ጉዳይ አይደለም። የዘር ነቀፌታ ጋብቻ በሚያፈርስበት መንደር «የእገሌ አያት እንዲህ ነበረች» ብሎ መናገር እውነት መናገር ሳይሆን ድንጋይ መወርወር ነው። ሽማግሌው በዝምታው ያቺን ልጅ ከሐሜት እየሰወራት ከሆነ እናመስግነው። ነገር ግን ዝም ያለው የራሱ አያት ሰው ይሸጥ እንደ ነበረ እንዳይነሣበት ከሆነ፣ የሚጠብቀው የልጅቱን ሳይሆን የራሱን ስም ነው። ሁለቱን ዝምታዎች የሚለየው ጠያቂው ነው። ልጅቱ ራስዋ መጥታ «አያቴ ከወዴት መጣች? አባትዋስ ማን ያወጣላት ስም ነበር?» ብላ ስትጠይቀው የሚናገር ከሆነ የፊተኛው ነው። ለእርስዋም ዝም ካላት የኋለኛው ነው። የሰው ነውር ተብሎ የተሰየመውን ነገር የመግለጥ መብት ያለው፣ ነውሩ የተጫነበት ሰው ብቻ ይመስለናል፤ የራሱን ቤት በደል መግለጥ ግን ማንም ፈቃድ የሚለምንበት ጉዳይ አይደለም።

መዝገብ ራሱ ሰይፍ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለም መዘንጋት አይገባም። ከባቢሎን ምርኮ ሲመለሱ ከካህናት ወገን ነን ያሉ አንዳንዶች ስማቸው በትውልድ መጽሐፍ ውስጥ ተፈልጎ ስላልተገኘ ከክህነት እንደ ተከለከሉ መጽሐፈ ዕዝራ ይነግረናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ኔዘርላንድን የያዘው የናዚ ጦር በጥንቃቄ የተዘጋጀ የነዋሪዎች መዝገብ አገኘ፤ አይሁዳውያኑን ከየቤታቸው ለመልቀም ተጠቀመበት። ከአይሁዳውያኑ ሦስት አራተኛ የሚያህሉት አለቁ። መጋቢት 27 ቀን 1943 ሰዓሊውና ደራሲው ቪለም አሮንዴውስ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የአምስተርዳምን የነዋሪዎች መዝገብ ቤት በእሳት አጋየ። እርሱን ጨምሮ ዐሥራ ሁለት ሰዎች በዚያ ምክንያት ተገደሉ። የተቃጠለው ካርድ ለአንድ የዛሬ ተመራማሪ የጠፋ የትውልድ ሐረግ ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ጊዜው ሰው ግን ሕይወት ነበር። ለዚህ ነው አሜሪካ የቆጠራ መዝገቧን 72 ዓመት፣ እንግሊዝ 100 ዓመት ዘግተው የሚያቆዩት። የአሜሪካው የ1950 መዝገብም ሆነ የእንግሊዝ የ1921 መዝገብ ለሕዝብ የተገለጡት በ2022 ነው። ሕጉ የሚገምተው ከዚያ ወዲያ የሚያፍር ሰው እንደማይኖር ነው። ዕፍረት እንደ ሰው ዕድሜ የሚያልቅበት ቦታ አለ፤ የማያልቅበትም አለ።

የ1870ውን መዝገብ እንደ ገና ብንገልጥ፣ ቆጣሪው ስም ቢጠይቅም ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ምን እንደሚዛመዱ አልጠየቀም። ነፃ ወጪዎቹ በአንድ ጣሪያ ሥር በተራ ተጽፈዋል፤ ወንድ፣ ሴት፣ አራት ልጆች፣ ከሁሉ በታች ሌላ የቤተ ሰብ ስም ያላት አሮጊት። የዝምድና ዐምድ የተጨመረው በ1880 ነው። አሮጊቲቱ እናት ትሁን፣ አክስት ትሁን፣ ወይም ልጆችዋ ተሸጠውባት እነዚያን ሕፃናት በልጆችዋ ፈንታ ያሳደገች ጎረቤት፣ ከ1880 በፊት ሞታ እንደ ሆነ ገጹ አይናገርም።