«ስንት ትጨምራለህ?»

ጎንደር ከተማ ውስጥ አሮጌ ሚኒባሱን አስረክቦ የተሻለ መውሰድ የፈለገ ሰው ከደላላው የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ትጨምራለህ?» የሚል ነው። የእርሱ መኪና በስንት እንደታሰበለት፣ የሚወስደውም በስንት እንደተተመነበት አይነገረውም። የሚያውቀው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ለአሮጌው «ከገበያ በላይ ሰጠንህ» ተብሎ ደስ ይለዋል፤ የተሰጠው ግን በሚወስደው መኪና ላይ ተጭኖ ተመልሶ ተወስዶበታል።

ይህን ስናነሳ «ተስማምተው ነው፤ ምን ችግር አለው?» የሚሉን ወንድሞች አሉ። እርግጥ ቅዱስ ቁርኣን (አን-ኒሳእ 29) የሰውን ገንዘብ ያለ አግባብ መብላትን ከልክሎ በመዋደድ የሚደረግን ንግድ ፈቅዷል። ነገር ግን ሰው ያልተነገረውን ዋጋ እንዴት ሊወድ ይችላል?

ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ቢላል (ረ.ዐ) ሁለት ቁና መናኛ ተምር ሰጥቶ አንድ ቁና ምርጥ ተምር በማምጣቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድርጊቱ አራጣ መሆኑን ነግረው፣ መናኛውን ለብቻው ሸጦ በዋጋው ጥሩውን እንዲገዛ አስተማሩት። ይህ ሕግ በወርቅ፣ በብር፣ በስንዴ፣ በገብስ፣ በተምር፣ በጨውና በእነርሱ ዓይነት ላይ የሚሠራ ነው። (አሞሌ ጨው ገንዘብ በነበረበት ዘመን ለነገዱት የአዲስ ዓለም አባቶቻችን ጉዳዩ ምን ያህል ቅርብ እንደነበረ ልብ ይሏል!) መኪና ከዚህ ውስጥ ስለማይገባ በጭማሪ መለወጡን ሐራም ነው አንልም፤ አላህ የፈቀደውን መከልከልም ወንጀል ነውና። ሆኖም ለቢላል የተመለከተው መንገድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱን ዋጋ ማውጣት፣ ለመኪናችንም የሚበጅ ነው።

በተለይ ከዳባት ወይም ከደባርቅ እህሉን ሸጦ አይሱዙ ሊለውጥ የሚመጣውን ሰው እናስብ። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ የጣለው ከባድ ታክስና በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከላቸው ገበያውን አናግተውታል። ያረጀ ዕቃ ዋጋው በሚጨምርባት አገር የዓምናውን ዋጋ ይዞ የመጣ ሰው ምንም እንደማያውቅ ይቆጠራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነጋዴዎች ከገጠር የሚመጣውን ሻጭ የገበያውን ዋጋ ሳያውቅ መንገድ ላይ እንዳይቀበሉት ከልክለዋል፤ ሻጩም ገበያ ከደረሰ በኋላ ውሉን የማፍረስ መብት አለው። ያ ሻጭ ተስማምቶ አልነበረምን?

ጥፋቱ ግን የደላላው ብቻ አይደለም። የተጋጨውን አካል በስቱኮ ደፍኖ፣ የደከመውን ሞተር በወፍራም ዘይት አስታግሶ የሚመጣው ባለ መኪናም «እነርሱም ይበሉኛል» በማለት ራሱን ነፃ ያወጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን ከእህል ክምር ውስጥ አስገብተው እርጥበቱን ሲያገኙ፣ እርጥቡ ሰው እንዲያየው ከላይ መሆን ነበረበት ብለው ነጋዴውን ወቅሰውታል። ገዥው ይታለል አይታለል፣ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን አልጠየቁም።

«መካኒክ አምጥቶ አሳይቷል» የሚለው ምክንያትም አያዋጣም፤ ነውሩን የመናገር ግዴታ በሻጩ ላይ ነው። ዋጋው በዚህ ቢወርድ ይውረድ። ፍሬኑ የደከመ መኪና ነገ ጣሊያኖች በሠሩት የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁል ወደ ዛሪማ ይወርዳል። ሻጩና ገዥው ተስማምተው ሊሆን ይችላል፤ ደባርቅ ላይ የሚሳፈሩት ሰዎች ግን በስምምነቱ ላይ አልነበሩም።